ሞተሩ ደላንታ ላይ ቢጠፋ ኖሮ

ጥያቄ፦ «ደሴ የምኖር የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ለመሬት ቅኝት ሥራ አራት ሰው በምትይዝ ባለ አንድ ሞተር አሮጌ ሴስና ማለዳ ከኮምቦልቻ ተነሳን። ኩታበርን አልፈን ደላንታ ጫፍ ስንደርስ ፎቶ እንድናነሳ አብራሪው ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ከደመናው ሥር ዝግ ብሎ ሲበር ቆየ። በመሀሉ የሞተሩ ድምፅ ቀስ በቀስ እየወረደ ሄደና መንቀጥቀጥ ጀመረ። አብራሪው አንድ ማንሻ ሲስብ ጭራሽ ባሰበት፤ አለቀልን አልን። ከደቂቃ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረ ተስተካከለ፤ ሥራውን አቋርጠን ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን። ጓደኞቼ ነዳጁ ኬሮሲን ተቀላቅሎበት ነው ይላሉ። እኔ አብራሪው የማይነካ ነገር የነካ ይመስለኛል። ሞተሩ ጨርሶ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ እንወድቅ ነበር? አስፋልት ላይ ወይም ሐይቅ ላይ ማረፍ አይቻልም? ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ብንጠይቅስ? ደላንታን ጨርሰን ወደ ላሊበላ መሻገር ስላለብን በድጋሚ መብረራችን አይቀርም።»

ምላሽ፦ አብራሪው የማይነካ ነገር አልነካም። የሳበው ማንሻ የካርቡሬተር ማሞቂያው ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከዚያ የተሻለ ሊያደርግ የሚችለው ነገርም አልነበረም። ከገለጹት ምልክት ተነስቼ ስፈርድ ሞተራችሁን ያፈነው በረዶ ነው፤ ክንፍ ላይ የሚጋገረው ሳይሆን ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት ክፍል፣ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ የሚሠራው።

ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ አንገት ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቤንዚኑ እዚያው ይተናል፤ ሲተን ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ በዚያች ጠባብ ቦታ ሙቀቱን ከ30 ዲግሪ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ውጭው 12 ዲግሪ ሆኖ እናንተ በሹራብ ተቀምጣችሁ ሳለ የካርቡሬተሩ ውስጥ ከዜሮ በታች ወርዷል ማለት ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ያ እርጥበት የሚገባውን አየር በሚቆጣጠረው በስሮትሉ ሳህን ዙሪያ ይጋገርና የአየሩን መንገድ እየዘጋ ይሄዳል። ብዙ ሰው በረዶ ሲባል ኃይለኛ ብርድ ያስባል፤ ይህኛው ግን የሚወደው ውጭው ከ21 ዲግሪ በታች ሆኖ የአየሩ እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። በ38 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት እንኳ ሊሠራ ይችላል። ክረምቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ከደላንታ ደመና ሥር መብረር ማለት ሁኔታውን አሟልቶ መጠበቅ ነው። ሞተሩ ሲቀነስ ደግሞ የስሮትሉ ሳህን ከፊል ስለሚዘጋ መተላለፊያው ይጠባል፤ ለመዝጋት ጥቂት በረዶ ይበቃዋል። ለፎቶው ሲባል የተቀነሰው ጉልበት ነው ነገሩን ያፋጠነው።

ማሞቂያው ሲሳብ ለምን ባሰ? ማሞቂያው በሞተሩ ጭስ ማውጫ ዙሪያ የሞቀ አየር ያስገባል። ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ዙሩም ይወርዳል። በላዩ ላይ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ውሃው ወደ ሲሊንደሮቹ ይጠባል፤ ሞተሩ ይንገራገጫል፣ ያነጥሳል፣ ሊጠፋ የደረሰ ይመስላል። ልምድ የሌለው አብራሪ እዚህ ላይ ደንግጦ ማሞቂያውን ይመልሰዋል። እንዲያ ሲያደርግ ግማሽ የቀለጠው በረዶ መልሶ ይጋገራል፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል። የእናንተው ድምፁን ችሎ እስኪጠራ ድረስ ያዘው። ላመሰግነው የሚገባ ሰው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ለአብራሪው ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከራሱ ከሞተሩ ጭስ ማውጫ ነው። ሞተሩ አንዴ ከደከመ ጭስ ማውጫውም ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ማሞቂያው ቢሳብ የሚሰጠው ሙቀት የለም። ስለዚህ እንዲህ ባለ አየር ውስጥ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ጉልበት ከመቀነሱ በፊት ይሳባል፣ ሲሳብም እስከ መጨረሻው ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም አንዳንዴ ደረቅ የነበረውን ቅንጣት አርጥቦ እንዲጋገር ያደርጋል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልምጣ። ይህ በረዶ ቀልጦ ያልቃል፤ ለመካኒክ የሚታይ ምንም ነገር አይተውም። በዚህ የተነሳ ምክንያቱ ያልታወቀ የሞተር መታፈን ሁሉ «በረዶ ነበር» ተብሎ መዝገቡ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እኔም ከዚህ ሆኜ የምፈርደው በምልክቱ ላይ ነው፤ ሞተሩን ከፍቼ አላየሁትም። ሌሎቹ ምክንያቶች ሳይጣሩ ያቺ አውሮፕላን ሰው ጭና መነሳት የለባትም።

የኬሮሲኑ ግምት አይገጥምም። የጄት ነዳጅ፣ ማለትም ኬሮሲን፣ ፒስተን ሞተር ውስጥ ሲገባ ድብልቁ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ሲሊንደሩን ያግላል፣ ፒስተኑን ይበሳል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመንደርደሪያው ብዙም ሳይርቅ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ ማንሻ በመሳብ የሚድን አይደለም። ውሃ ግን ሊሆን ይችል ነበር። በክረምት የነዳጅ ታንክዋ ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረች አውሮፕላን በታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ታጠራቅማለች። የታንኩ ክዳን ላስቲክ ካረጀ ዝናብ ይገባል፤ ከበርሜል የሚቀዳ ነዳጅ ደግሞ በደንብ ካልተጣራ ውሃውንም ዝገቱንም ይዞ ይመጣል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። አብራሪው ማለዳ በየክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ በጠርሙስ መሳይ ዕቃ ጥቂት ነዳጅ ሲቀዳና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያይ ተመልክተው ከሆነ የሚፈልገው ያንን ነው፤ ከሰማያዊው የአውሮፕላን ቤንዚን (አቭጋዝ) ሥር እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ የሚቀመጥ ጠብታ። አንድ ጠብታ ካየ ደጋግሞ ይቀዳል፤ እስኪጠራ ድረስ መነሳት የለም። አውሮፕላኗ ነዳጅ ከተሞላች በኋላ ውሃው እስኪወርድ ጥቂት መጠበቅም ያስፈልጋል።

ሌላው ደጋ አገር ላይ በቀላሉ የሚሳሳቱት ሚክስቸሩ፣ ማለትም የቤንዚኑና የአየሩ መጠን ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚነሳ አብራሪ ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻ ገፍቶ ይነሳል። ኮምቦልቻ ላይ እንዲያ ካደረገ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፣ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ይይዛሉ፣ የሚፈልገውንም ጉልበት አያገኝም። ሲወጣ እያሳሳ፣ ሲወርድ እያወፈረ መሄድ አለበት፤ ማሞቂያው ከተሳበም በኋላ እንዲሁ ያስተካክለዋል። መካኒኩ እንግዲህ ከየታንኩና ከማጣሪያው ነዳጅ ቀድቶ ይይ፤ የካርቡሬተሩን የነዳጅ ገንዳ ያራግፍ፤ የማሞቂያውን ቱቦና ክዳን በእጁ ያንቀሳቅስ፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ሁለቱን ማግኔቶዎች ለየብቻ ይፈትን፤ ካንዴላ ያውጣ፤ ኮምፕሬሽን ይለካ፤ የዘይት ማጣሪያውን ቀዶ የብረት ብናኝ ይፈልግ። ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ያኔ በረዶ ነበር ለማለት ድፍረት ይኖረኛል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ አይደለም፣ እንደ ድንጋይ አትወድቁም። አውሮፕላንን አየር ላይ የሚያቆየው ክንፉ ነው፤ ሞተሩ ፍጥነት ይሰጠዋል። ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ያንን ፍጥነት ከከፍታው ይገዛል። የእናንተ ዓይነት ሴስና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እያሳየች ስትንሸራተት በ1 ሜትር ውረደት ወደ 9 ሜትር ወደፊት ትሄዳለች። ከመሬት 1,000 ሜትር ከፍ ብላችሁ ከሆነ ነፋስ በሌለበት 9 ኪሎ ሜትር፣ በጊዜ ሲታሰብ ደግሞ የ4 ደቂቃ ገደማ ዕድሜ አላችሁ።

ወሎ ላይ ይህ ስሌት ሁለት መልክ አለው። ከፍታ መለኪያው የሚያሳየው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ነው። 3,600 ሜትር ላይ ትበራላችሁ እንበል፤ ሰው በጣም ከፍ ያለ ይመስለዋል። የደላንታ አምባ ግን ራሱ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ በእጃችሁ ያለው 600 ሜትር፣ ማለትም ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ መንሸራተት ነው። ሌላው መልክ ደግሞ የሚያጽናና ነው። ወሎ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚሄድ አገር ነው፤ ከደሴ 2,500 ሜትር ወደ ኮምቦልቻ 1,860 ገደማ፣ ከዚያ ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ። ወደ ቆላው የሚንሸራተት አውሮፕላን መሬቱ ከሥሩ እየሸሸ ዕድሜ ይጨምርለታል። ደሴ ላይ በ3,200 ሜትር ሳለ ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ከከተማው በላይ 700 ሜትር ብቻ ነው ያለው፤ ከኮምቦልቻ ሜዳ በላይ ግን 1,340 ሜትር አለው። በአየር መስመር ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ በወረቀት ላይ ይደርሳል። በተግባር ግን በመሀል ያለውን የሐረጎን ተራራ ማለፍ አለበት፣ ነፋሱ ከፊት ሊመጣ ይችላል፣ ለመዞርና ለመደልደል ከፍታ ይተርፈው ዘንድ ግድ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ርቀት «ይደረሳል» ብዬ አልቆጥርም። አንድ ሦስተኛውን ቀንሼ ነው የማስበው፤ ተማሪዎቼም እንዲያ እንዲያስቡ አጥብቄ እነግራለሁ።

ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ስለጠፋ ሳይሆን አብራሪው ያጣውን ርቀት ለማግኘት አፍንጫውን ከፍ ሲያደርግ ነው። ያቺ ሜዳ እዚያ ማዶ ትታያለች፤ ትንሽ ብቻ ትጎድላለች፤ እጅ ሳያስበው መሪውን ይስባል። ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንፉ አየሩን ይለቃል፣ ያን ጊዜ እርስዎ የፈሩት እንደ ድንጋይ መውደቅ እውነት ይሆናል። ከመነሳት በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ መዞርም ያው ነው። በ45 ዲግሪ ጋደል ብሎ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ የሚለቅበት ፍጥነት በ19 በመቶ ከፍ ይላል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ በ41 በመቶ። ዙሪያው ተራራ በሆነበት እንደ ኮምቦልቻ ያለ ቦታ ከመሬት 300 ሜትር ሳይሞላ ሞተሩ ከጠፋ ከፊት ለፊት ወይም ጥቂት ግራና ቀኝ ካለው የተሻለውን መርጦ መውረድ ነው እንጂ መመለስ የለም። ይህን ውሳኔ መሬት ላይ ሳለ ጮክ ብሎ ያልተናገረ አብራሪ አየር ላይ ሲደርስ ይመለሳል።

የት ይታረፋል? አስፋልቱን በመጀመሪያ ማሰብዎ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከላይ ሲታይ ቀጥና ለስላሳ ይመስላል። የሴስናዋ ክንፍ ግን ከጫፍ ጫፍ 11 ሜትር ነው። ከደሴ ወልድያ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ዳር ዳሩን የኤሌክትሪክ ምሰሶና ባሕር ዛፍ ይዞታል፤ ላዩ ላይ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ሰው፣ ግመልና አህያ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከአየር ላይ ጭራሽ አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው፣ እሱም ከዘገየ በኋላ። መንገድ ሌላው ሲጠፋ ነው የሚመረጠው። ሐይቅ ላይ ማረፍ ደግሞ ውሃ ትራስ መስሎ ስለሚታይ ብቻ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ጎማዋ የማይታጠፍ አውሮፕላን ውሃ ሲነካ ጎማው ይይዘውና ብዙ ጊዜ በጀርባዋ ትገለበጣለች። የሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሱ፣ መዋኘት የማይችሉ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ተዘቅዝቀው ቀበቶ ሲፈቱ ያስቡት። የሐይቅ ከተማው ወይም የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ማሳ ከውሃው ይሻላል።

የወንዝ አልጋም ያታልላል። ቆቦ ሜዳ ላይ እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች በበጋ ሰፊ ነጭ አሸዋ ሆነው ይታያሉ፤ ቀረብ ሲሉ በዚያ አሸዋ ውስጥ በሬ የሚያክል ቋጥኝ አለ። ማሳ ነው የሚሻለው፤ የትኛው ማሳ የሚለውን ግን ወራቱ ይወስናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤፍ የታጨደበት ደረቅ ገለባማ ማሳ ከተገኘ ከዚያ የተሻለ የለም፤ ክምሩን ብቻ መሸሽ ነው። ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ሳለ አገዳው ጎማና ክንፍ ይይዛል። እናንተ በበረራችሁበት በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ስለሚሰነብት ጎማው እንደነካው ይሰምጣል፣ አውሮፕላኗም በአፍንጫዋ ትተከላለች። የደላንታ አምባ ለጥ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ክረምት ላይ ግን ያ ለጥ ያለው ጭቃ ነው። የታረሰ ማሳ ላይ ትልሙን ተከትሎ ነው የሚታረፈው፣ አቋርጦ አይደለም። ተዳፋት ላይ ሽቅብ ማረፍ ደንብ ነው፤ ወሎ ላይ ግን ተዳፋቱ በድንጋይ እርከን የተከረከመ ስለሆነ ሽቅብ የወጣ ሁሉ ካቡን ይመታል። እርከኑ በቂ ስፋት ካለው እሱን ተከትሎ ማረፍ፣ ከሌለው ያንን ተዳፋት መተው ነው። በበሽሎ ወንዝ ገደል ውስጥ ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ገደሉ ከአምባው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሥሩ ድንጋይና ጠባብ ውሃ ነው። ወደ ታች የገባ አውሮፕላን ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ለመዞር ስፋት ላያገኝ ይችላል።

የሚታረፍበት ቦታ ርዝመት ሰው የሚያስበውን ያህል ወሳኝ አይደለም። የሰው አካል በትከሻ ቀበቶ ተይዞ ከባድ ድንጋጤ ይችላል። ከመሬት ስበት 9 እጥፍ በሆነ እኩል ፍሬን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን ለመቆም 3 ሜትር ገደማ ብቻ ይፈልጋል፤ በ160 ኪሎ ሜትር ደግሞ 11 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ቁምነገሩ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ክንፉ ተስተካክሎ፣ አፍንጫው ሳይተከል መድረስ ነው። ክንፍ ቢቆረጥ፣ ጎማ ቢነቀል፣ ቁጥቋጦ ቢቀነጥሰው ያ ሁሉ ለተሳፋሪው ፍሬን ነው፤ አውሮፕላኗን ለማዳን የሚሞክር አብራሪ ሰዎቹን ያጣል። ነፋስን ፊት ለፊት መቀበልም ለዚህ ነው፤ በ100 የምታርፍ አውሮፕላን 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ካላት መሬቱን በ80 ትነካለች፣ ከኋላ ከሆነ በ120፤ የግጭቱ ጉልበት ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። ደላንታን በመሰለ ቦታ መለኪያው 120 ሲያሳይ አውሮፕላኗ በእውነት 140 ገደማ ትሄዳለች፤ የምትሸከመው ጉልበት በሲሶ ያህል ይበልጣል። መሬቱ ፈጥኖ ሲመጣ ያየ አብራሪ ዓይኑን አምኖ ፍጥነት ከቀነሰ ወደዚያው ወደ ክንፍ መልቀቅ ይገባል። መለኪያውን ይመን።

ባለ ሁለት ሞተር ይሻላል ወይ ላሉት፣ ለእናንተ ሥራ አይሻልም። አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ተርቦ የሌላቸው ብዙ ቀላል ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች አንዱ ሲጠፋ ሌላው ብቻውን 2,000 ሜትር ላይ እንኳ ሊያቆያቸው አይችልም። አምባው 3,000 ሜትር በሆነበት አገር ሁለተኛው ሞተር የሚያደርገው የመውረጃውን ጊዜ ማርዘም ነው፤ በዚያ ላይ በአንድ ጎን ብቻ የሚጎትት ሞተር ልምድ የሌለውን አብራሪ ይገለብጠዋል። በጀታችሁ ከፈቀደ ባለ አንድ ተርባይን ሞተር፣ ለምሳሌ ሴስና ካራቫን፣ እመርጣለሁ። ካርቡሬተር የለውም፣ ማግኔቶም የለውም፣ ሞተሩም ከፒስተን እጅግ ያነሰ ይበላሻል። ንጹሕ ነዳጅ ግን እሱም ይፈልጋል፣ ከጠፋም እንደ ማንኛውም ይንሸራተታል።

ተሳፋሪ ሆናችሁ የምታደርጉት ነገር ጥቂት ቢሆንም ዋጋ አለው። የትከሻ ቀበቶ የሌለው ወንበር ላይ አትቀመጡ። ካሜራና ትራይፖድ እግራችሁ ሥር ሳይሆን ታስሮ ከኋላ ይቀመጥ። መሬት ከመንካታችሁ በፊት አብራሪው በሩን ገርበብ አድርጉ ይላል፤ የአውሮፕላኗ አካል ሲጣመም በሩ እንዳይቆለፍ ነው። ስትወጡ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ራቁ። የአካባቢው ሰው እየሮጠ ይመጣል፤ ወሎ ላይ ሰው ወድቆ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። መጀመሪያ የምትነግሩት ግን ክብሪት እንዳይጭር፣ ፕሮፔለሩንም እንዳይነካ ነው፤ የጋለ ሞተር ማግኔቶው ካልተዘጋ በእጅ ሲዞር ሊነሳ ይችላል። አውሮፕላኗን ትታችሁ አትሂዱ። ከነፍስ አድን አካል ጋር የሚያገናኛችሁ የአደጋ ጊዜ ማሰራጫው በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ መሆኑን፣ ባትሪውም ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። በ121.5 ብቻ የሚያሰራጨውን አሮጌውን ዓይነት ሳተላይቶች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አይሰሙትም። ደላንታ ላይ ሌሊቱ ብርዱ የሚሰብር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ይጫን።

የምመክረው ይህ ነው። ደላንታን በዚህ ወር አትጨርሱት። ጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ ደመናው ከፍ ይላል፣ እርጥበቱ ይቀንሳል፣ ማሳውም መድረቅ ይጀምራል፤ ያኔ ሂዱ። ማለዳ ተነሱ። ኮምቦልቻ በ14 ዲግሪ ማለዳ ለአውሮፕላን የ2,250 ሜትር ያህል አየር አላት፤ በ30 ዲግሪ ቀትር ግን 2,850 ሜትር የሆነች ያህል ትሳሳለች፣ ሞተሩም ከሙሉ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ በዚያ ላይ የተራራው ነፋስ ይነሳል። ነዳጁና ጭነቱ ለክብደቱ ይመጠን፤ አራት ወንበር አለ ማለት አራት ሰው ይጫናል ማለት አይደለም። ፎቶው ሲነሳ ማሞቂያው ተስቦ ይሁን፤ በረራውም ሁልጊዜ አምባው ላይ ለመውረድ በሚያስችል ርቀት ይቆይ። ገደሉን መሻገር ካስፈለገ ወዲህም ወዲያም መንሸራተት በሚቻልበት ከፍታና ጠባቡን ቦታ መርጦ በአጭሩ ማቋረጥ ነው፤ ገደሉን ተከትሎ መብረር ፈጽሞ አይፈቀድ።

ወደ ላሊበላም ቀጥታውን አትሂዱ። ቀጥታው መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹን በደላንታና በዋድላ ገደሎች ላይ ያሳልፋችኋል። በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጋችሁ የቆላውን ጠርዝ ይዛችሁ እስከ ወልድያ ብትወጡ፣ እዚያም ሜዳው ላይ እየዞራችሁ ከፍታ ይዛችሁ በኩልመስክ በኩል ወደ ምዕራብ ብትሻገሩ መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። አብዛኛውን መንገድ ግን ከሥራችሁ ማሳ ይኖራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት የሚያልፍ ቆይታ ካለ ለአብራሪው ኦክስጅን ይጫን፤ አየር ያነሰው አእምሮ ሞተሩ ሲታፈን ትክክለኛውን ማንሻ አያገኝም።

ከመነሳታችሁ በፊት አብራሪውን «አሁን ሞተሩ ቢጠፋ የት ትወርዳለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ አየር ላይም ይድገሙለት። ጥሩ አብራሪ አይቀየምም፤ በጣቱ ያሳይዎታል። የሚያሳየው ቦታ ከሌለው፣ ወይም የሞተሩ ምርመራ ተፈርሞ ካልቀረበ፣ ወይም ደመናው አምባውን ከሸፈነ ቀኑን ይሰርዙት።